ለግል ትምህርት ቤት መግቢያ ፈተና ልጅን ማዘጋጀት፦ ጥያቄና መልስ

በአዲስ አበባ ስማቸው የታወቁ የግል ትምህርት ቤቶች ለአዲስ ገቢ ሕፃናት የሚከፍቱት ቦታ ጥቂት፣ አመልካቹ ግን ብዙ በመሆኑ፣ ወላጆች ገና ልጁ አፉን ሲፈታ ጀምሮ ስለ መግቢያ ፈተና መጨነቅ ይጀምራሉ። በመዋዕለ ሕፃናት ካስተማርኩ በኋላ አዲስ ገቢ ልጆችን በመፈተን ለረጅም ጊዜ ስለ ሠራሁ፣ የቀረቡልኝን ጥያቄዎች ከዚህ በታች እመልሳለሁ። ፈተናው ከአንዱ ትምህርት ቤት ወደ ሌላው ስለሚለያይ የምናገረው በብዛት ስለተለመደው አሠራር ነው።

ጥያቄ፦ ልጄ አራት ዓመት ሊሞላት ነው። ኬጂ ለመግባት ምን ትጠየቃለች?

መልስ፦ በዚህ ዕድሜ እርሳስና ወረቀት ያላቸው ድርሻ ትንሽ ነው። ፈታኟ ስሟንና ዕድሜዋን፣ ከማን ጋር እንደምትኖር ትጠይቃታለች፤ ቀለም ታስለያታለች፤ ሥዕል አሳይታ የምታየውን እንድትናገር ታደርጋለች። «ቀዩን ኳስ አንሺና ወንበሩ ሥር አስቀምጪው» ስትባል ኳሱን አንሥታ ከቆመች፣ ቀለሙን ብታውቅም ትእዛዙን እስከ መጨረሻው እንዳላዳመጠች እንረዳለን። ወላጆች የማይጠብቋቸውን ነገሮችም እንመዘግባለን፦ ከእናቷ ስትለይ በምን ያህል ጊዜ እንደምትረጋጋ፣ ሽንቷ ሲመጣ መናገር መቻሏን፣ የጀመረችውን ሥዕል መጨረሷን ወይም ጥላው መነሣቷን።

ጥያቄ፦ ልጃችን ለአንደኛ ክፍል ይፈተናል። ፊደልን ከ«ሀ» እስከ «ፐ» በቃሉ ይወጣል፤ እስከ 100 ይቆጥራል። ይህ ይበቃዋል?

መልስ፦ ብዙ ልጆች የሚሰናከሉት እዚህ ላይ ነው። 33ቱ ፊደላት ከነሰባት ድምፃቸው 231 ስለሚሆኑ፣ ልጁ ዜማውን ይዞ ረድፉን ይወርዳል እንጂ እያንዳንዱን ቅርጽ ላያውቅ ይችላል። «ሪ»ን ነጥለው ሲያሳዩት ከ«ረ» ተነሥቶ እየቆጠረ የሚደርስባት ከሆነ ማንበብ ገና አልጀመረም። ፊደሎቹን በትናንሽ ካርዶች ጽፋችሁ፣ አደባልቃችሁ አስለዩት፤ በተለይ የሚመሳሰሉትን፣ «ለ»ን ከ«ሰ»፣ «ደ»ን ከ«ጀ»፣ «ዘ»ን ከ«ዠ» ጋር ጎን ለጎን አስቀምጡለት። ከዚያ በኋላ «ላም»፣ «ቤት»፣ «ዳቦ»፣ «በሬ» የመሳሰሉ አጫጭር ቃላትን ያንብብ።

ቁጥሩም እንዲሁ ነው። እስከ 100 የሚቆጥር ልጅ «ከዚህ ውስጥ 7 ቆርኪ ስጠኝ» ሲባል እጁ የያዘለትን ያህል ዘግኖ ሲሰጥ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። በቆርኪ ወይም በባቄላ ይደምር፣ ይቀንስ፤ 12ን ከ21 ይለይ፤ ከ9 በፊት የሚመጣው ማን እንደሆነ ይጠየቅ። በጣቱ ቢቆጥር አትከልክሉት። በእንግሊዝኛ በኩል ትልልቁን ፊደል ከትንሹ ማዛመድ፣ የፊደላቱን ድምፅ መለየትና አጫጭር ቃላትን ማንበብ አብዛኛውን ጊዜ በቂ ነው።

ጥያቄ፦ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ስለሆነ ቤት ውስጥ አማርኛ ትተን በእንግሊዝኛ ብቻ እናናግረዋለን። ትክክል ነን?

መልስ፦ አይመስለኝም፤ እንግሊዝኛው ለእናንተም ሁለተኛ ቋንቋ ከሆነ ደግሞ ይበልጥ አልስማማም። እንዲህ ያደጉ ልጆች የቀለሙን፣ የእንስሳውንና የፍራፍሬውን ስም በእንግሊዝኛ ይዘረዝራሉ፤ በሥዕሉ ላይ ያለው ልጅ ለምን እንደሚያለቅስ ሲጠየቁ ግን በእንግሊዝኛም በአማርኛም ዝም ይላሉ። ምክንያት መስጠትን፣ ነገርን በቅደም ተከተል መተረክን ልጅ የሚማረው ወላጆቹ አቀላጥፈው በሚናገሩት ቋንቋ ነው፤ ያ ቋንቋ አማርኛም ይሁን ኦሮምኛ ወይም ትግርኛ። አንድ ጊዜ በሚገባ ከተማረው በኋላ ወደ ሌላው ቋንቋ ይዞት ይሻገራል። ማታ ማታ ተረት ንገሩት፤ በማግስቱ እሱ ይንገራችሁ። «እንቆቅልህ» በሉት፤ «ምን አውቅልህ» ብሎ አዳምጦ፣ አስቦ፣ ሲያቅተው አገር ሰጥቶ መልሱን የሚጠብቅ ልጅ፣ ፈታኞች የምንፈልገውን ትዕግሥት ከየትኛውም ወርክሺት በተሻለ ይለማመዳል። ለእንግሊዝኛ በቀን አጭር ሰዓት መድቡለት፤ መጽሐፍ አብራችሁ አንብቡ። እንግሊዝኛ ይለምዳል ተብሎ ካርቱን ፊት የሚተው ልጅ ከቴሌቪዥኑ ጋር ስለማይነጋገር የሚያተርፈው ጥቂት ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅትም በ2019 (እ.ኤ.አ.) ባወጣው መመሪያ ከ2 እስከ 4 ዓመት ያሉ ልጆች ስክሪን ፊት የሚቀመጡበት ጊዜ በቀን ከ1 ሰዓት እንዳይበልጥ ይመክራል።

ጥያቄ፦ አስጠኚ ልቅጠር?

መልስ፦ ባይቀጠር እመርጣለሁ። በአስጠኚ የተጠና ልጅ ወዲያው ያስታውቃል፤ ጥያቄው ሳያልቅ የሸመደደውን መልስ ይሰጣል፣ ጥያቄው ትንሽ ሲቀየር ደግሞ ግራ ይጋባል። ወላጆች አምሽተው የሚገቡ ከሆነና ግድ ካስፈለገ፣ በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ቀን፣ በአንድ ጊዜ ከግማሽ ሰዓት ሳይበልጥ፣ በጨዋታ የሚያስተምር ሰው ይፈለግ።

ጥያቄ፦ ልጄ ግራኝ ነው። አያቱ «ፈተና ላይ ይነቀፋል» ብለው በቀኝ እንዲጽፍ ይጫኑታል።

መልስ፦ እናታችንን በአክብሮት ያስረዷቸው፤ በግራ መጻፍ ነጥብ የሚያስቀንስ ነገር አይደለም፣ እጅ ማስቀየር ግን ጽሕፈቱን ያዘገየዋል፣ ልጁንም ያሸማቅቀዋል። ወረቀቱን ከፊቱ ትንሽ ወደ ግራ አድርገው ጫፉን ወደ ቀኝ ቢያዘነብሉለት የጻፈውን በእጁ አይሸፍነውም። ጣቶቹ እንዲጠነክሩ ነጭ ሽንኩርት ይላጥ፣ ምስር ይልቀም፣ ሊጥ ይጠፍጥፍ። 3ን ወይም አንዳንድ ፊደላትን ገልብጦ መጻፍ እስከ ሰባት ዓመት ገደማ የተለመደ ስለሆነ አያስደንግጥዎ።

ጥያቄ፦ ልጄ ለተጠየቀው ዕድሜ ጥቂት ወራት ይጎድለዋል። የልደት ምስክር ወረቀቱን ማስተካከል ይቻላል የሚሉኝ አሉ።

መልስ፦ አይሞክሩት። ሐሰተኛ ሰነድ በሕግ ከማስጠየቁም በላይ የሚጎዳው ልጁን ነው፤ በአራት ዓመት ልጆች መካከል የስምንት ወር ልዩነት በንግግርም በእጅ ሥራም ጎልቶ ይታያል። በ2015 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲም አንደኛ ክፍልን ለሰባት ዓመት ልጅ፣ ከዚያ በፊት ያሉትን ሁለት ዓመታት ለቅድመ አንደኛ ስለሚያደርግ የሚያስቸኩል ነገር የለም። ይልቅ የዘመን አቆጣጠሩን ያጣሩ፦ በታኅሣሥ 2012 መጨረሻ የተወለደ ልጅ በፈረንጆቹ የ2020 ልጅ ነው፤ በዚህ ስሌት ስሕተት ብቻ ማመልከቻቸው የተመለሰባቸው አሉ።

ጥያቄ፦ ከዱባይ ጠቅልለን ልንመለስ ነው። ልጃችን አማርኛ ይናገራል፣ ፊደል ግን አያውቅም።

መልስ፦ መናገሩ ከባዱን ሥራ አቅልሎላችኋል። ስትመዘገቡ ይህን በግልጽ ተናገሩ፤ አንዳንድ ትምህርት ቤቶች አማርኛውን በማጠናከሪያ ትምህርት እንዲያሟላ ፈቅደው ይቀበላሉ።

ጥያቄ፦ ልጄ ቤት ውስጥ ሁሉን ታውቃለች፤ ባለፈው ፈተና ግን አንድ ቃል ሳትተነፍስ ወጣች።

መልስ፦ ዓይን አፋርነት በልጅ ላይ ነውር አይደለም፤ እንዲያውም የአንድ ቀን የአጭር ጊዜ ፈተና ትልቁ ድክመት እንዲህ ያለችውን ልጅ በትክክል አለመመዘኑ ይመስለኛል። ከማታውቀው ሰው ጋር መነጋገርን አስቀድማ ትልመድ፦ ሱቅ ልከው ዳቦ ትግዛ፣ እንግዳ ሲመጣ እርሷ ሰላም ብላ ውኃ ታቅርብ፣ ሲጠይቋትም እርስዎ አይመልሱላት። ከተቻለ ከፈተናው በፊት ግቢውን አሳዩአት። በዋዜማው ምንም አታስጠኗት፤ በዚህ ዕድሜ ከ10 እስከ 13 ሰዓት እንቅልፍ ስለሚያስፈልግ በጊዜ ትተኛ፣ ጠዋት የለመደችውን ቁርስ ትብላ። ጠረጴዛው ፊት ዝም ካለች ፈታኟ ሌላ ቀን እንድትቀጥራት በትሕትና ይጠይቁ፤ የሚፈቅዱ አሉ።

ጥያቄ፦ ካላለፈስ?

መልስ፦ ያለፉና ቦታ ያጡም ስላሉ በመጀመሪያ ምክንያቱን ይጠይቁ፤ ብዙ ትምህርት ቤቶች ለታላላቆቹ ተማሪዎች ወንድምና እህት ቅድሚያ ይሰጣሉ። ልጁ የደከመበት ነገር ካለ የቱ እንደሆነ እንዲነግሯችሁ ጠይቁ፤ ለልጁ ግን «ወደቅህ» አትበሉት። በተጠባባቂነት ስሙን አስይዙ፣ ከሁለተኛ ትምህርት ቤትም ቦታ ያዙ፤ ተመዝግበው ክፍያ የማይከፍሉ ሁልጊዜ ስለሚኖሩ በነሐሴ ውስጥ ደጋግማችሁ ደውሉ።