ድንኳኑ ከተነሣ በኋላ፦ ስለ ባዶ ቦታና ተከታታይ ፎቶ ጥያቄና መልስ

ዛሬ ማታ እስከ 4 ሰዓት አለሁ፣ ጠይቁኝ። ርእሳችን ፎቶ ውስጥ ባዶ የምንተወው ቦታ ነው፤ በተለይ ሥራው አንድ ፎቶ ሳይሆን ተከታታይ ሲሆን። ለማታውቁኝ፣ አራት ዓመት ሙሉ የለቅሶ ድንኳን ከተነሣ በኋላ የሚቀረውን ቦታ ሳነሣ ቆይቻለሁ። 22 ፎቶ ሆኗል። ስለ ባዶ ቦታ የማውቀውን አብዛኛውን የተማርኩት ከዚያ ነው።

ሁለት ነገር አስቀድሜ ልበል። ባዶ ቦታ ፎቶው ሲነሣ ይታሰባል እንጂ በኋላ በክሮፕ፣ ማለትም የፎቶውን ጠርዝ በመቁረጥ፣ አይመጣም። ደግሞም ፎቶዎቻችሁን በስልክ ብቻ እያያችሁ አትምረጡ። በትንሹ አሳትሟቸውና መሬት ላይ ዘርጓቸው።

ከአዳማ፦ ጋሼ፣ ባዶ ቦታ ሲባል ሰማይ ማለት ነው?

መልስ፦ ሰማይ ብቻ አይደለም። ግድግዳም፣ አስፋልትም፣ ጥላም፣ ጭጋግም ሊሆን ይችላል። ከዋናው ነገር ጋር የማይሻማ፣ ዐይን የሚያርፍበት ቦታ ነው። ደመና የተቆለለበት ሰማይ ባዶ አይደለም። የጠቆረ የቆርቆሮ በር ግን አንዳንዴ ባዶ ነው። ዐይንህን ጨፈን አድርገህ ፎቶውን እየው። ሁሉም ነገር ብዥ ሲል ባዶው ራሱ ቅርጽ ካለው ሠርቷል። ከሌለው ትርፍ ቦታ ነው።

ከሐዋሳ፦ 50 ሚሊሜትር ሌንስ አለኝ። ለእንዲህ ያለ ሥራ ይሆናል ወይስ ሰፊ ልግዛ?

መልስ፦ ይሆናል። አትግዛ።

ከባሌ ሮቤ፦ ይቅርታ ጋሼ፣ ቁጥሩ ባነሰ መጠን ሌንሱ ይሰፋል፤ እኔ ግን ከ24 ሚሊሜትር በላይ ከሆነ ቦታ አይገኝም ባይ ነኝ።

ከአዲስ አበባ፦ ሰፊ ሌንስ እኮ የሚጨምረው ቦታ ሳይሆን ኮተት ነው። መርካቶ ይዘኸው ግባና ሞክረው።

ከባሌ ሮቤ፦ ስለ መርካቶ ማን አወራ? ባሌ ተራሮች ላይ፣ ሳነቴ አምባ ቆመህ እየው ነው የምልህ።

መልስ፦ ሌንሱን ተዉት፣ ጉልበታችሁን እጠፉ። ዝቅ ስትሉ ከምታነሡት ሰው ጀርባ ያለው ሰማይ ይሆናል። ከፍ ስትሉ ጀርባው መሬት ይሆናል። ከኋላው ያለውን ሽቦና ታፔላ የሚያጠፋላችሁ ይህ ነው። ወደሚቀጥለው።

ከደብረ ብርሃን፦ አንድ ፎቶ ላይ ባዶ ቦታ መተው ገብቶኛል። አሥር ስደረድር ግን ሁሉም አንድ ዓይነት ሆነው ይሰለቹኛል። እንዴት ነው የሚያዘው?

መልስ፦ ይህን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር። እኔም እዚያው ወድቄያለሁ። በመጀመሪያው ዓመት ያነሣኋቸው ላይ ሁሉ የእድሩ አግዳሚ ወንበር ታች ቀኝ ጥግ ላይ ነው፤ ከላይ ባዶ ግድግዳ። ለየብቻ ሲታዩ ያምራሉ። አሳትሜ መሬት ላይ ስዘረጋቸው ግን አንድ ፎቶ አሥር ጊዜ ያነሣሁ መሰለኝ። በስልክ ስንት ወር ሳያቸው አልታየኝም ነበር።

ከዚያ በኋላ አንዱን ነገር አሰርኩ፣ ሌላውን ፈታሁ። ያሰርኩት የካሜራውን ከፍታ ነው። ሁሌም የተቀመጠ ሰው ዐይን ላይ አደርገዋለሁ፤ ለቅሶ ላይ ሰው ተቀምጦ ነውና የሚያየው። የፈታሁት የባዶውን መጠን ነው። አንዱ ላይ ሩብ ነው፤ ሌላው ላይ ወንበሩ ጫፉ ብቻ ቀርቶ ሁሉም አስፋልት ነው። ያሰርኩት ነገር ሥራው የአንድ ሰው መሆኑን ይናገራል። የፈታሁት ተመልካቹን ወደሚቀጥለው ይጠራዋል።

ጃፓናዊው ፎቶ አንሺ ሂሮሺ ሱጊሞቶ ከ1980 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ባሕር ሲያነሣ አድማሱን ፍሬሙ መሃል ላይ አሰረው። ከላይ አየር፣ ከታች ውኃ፤ መርከብ የለ፣ ሰው የለ። የሚለዋወጠው ብርሃኑ፣ አየሩና የውኃው ገጽ ነው። አንዱን ብቻ ብታይ ታልፈው ይሆናል። ተደርድረው ሲታዩ ግን ልዩነቱን መፈለግ ትጀምራለህ፣ ቆመህም ትቀራለህ።

ሌላም አለ። ባዶው እንዲሰማ የሞላ ፎቶ ያስፈልጋል። እኔ ጋ አራተኛው ፎቶ ጋሪ ነው። አግዳሚው፣ የድንኳኑ ምሰሶ፣ ገመዱ፣ ብረት ድስቱ ተቆላልፎ ተጭኗል፤ የእድሩ ቁጥር በቀይ ቀለም በየወንበሩ ሆድ ላይ ተጽፏል። መግቢያ ቀዳዳ የለውም። አምስተኛው አስፋልትና አንድ የቡና ሲኒ ነው። ቦታ ብቀያይራቸው ሁለቱም ይሞታሉ።

ከአዳማ፦ ስለዚህ ከፎቶው ዙሪያ ክሮፕ ሳደርግ ባዶውን ብተወው...

መልስ፦ በክሮፕ አይመጣም ብዬ ነው የጀመርኩት። ክሮፕ ይቀንሳል፣ አይጨምርም።

ከጎጃም፦ ነጭ ነጠላ የለበሱ እናቶችን በጠዋት ጭጋግ አነሣሁ። ባዶ ቦታው ግራጫ ሆኖ ቆሸሸብኝ።

መልስ፦ ካሜራው ያየውን ሁሉ ወደ መካከለኛ ግራጫ ሊያመጣው ይሞክራል። ነጭ ሲበዛበት ያጨልመዋል። ለጭጋግና ለነጠላ ከ1 እስከ 1 ተኩል ስቶፕ (የብርሃን መለኪያ ነው፤ 1 ስቶፕ ብርሃኑን እጥፍ ያደርጋል) ጨምር። ፀሐይ በቀጥታ ካረፈበት ግን ተጠንቀቅ፤ ካሜራው ላይ የጨለማውንና የብርሃኑን መጠን የሚያሳየው ግራፍ፣ ሂስቶግራሙ፣ የቀኙ ጠርዝ ላይ ከተለጠፈ የጨርቁ ሽመና ጠፍቷል፣ አይመለስም። ጥለቱን ደግሞ አትርሳው። ነጭ በነጭ ላይ ሲሆን ሴትየዋን ከጭጋጉ የምትለየው ያቺ ቀጭን ቀለም ናት። ጥለቱ ፊቷ ዙሪያ እስኪመጣ ታገስ።

ከሪያድ፦ ክሮፕ የማይሆን ከሆነ፣ አሁን የፎቶውን ጎን የሚያሰፉ አፖች አሉ። ግድግዳውን ራሱ ይቀጥልልሃል።

መልስ፦ እንግዲህ ሦስተኛ ጊዜ መሆኑ ነው። እኔ ባዶውን ቦታ የማነሣው እዚያ ስለነበረ ነው። ግድግዳው ላይ ምስማር ነበረ፣ የተላጠ ቀለም ነበረ። አፑ የሚሰጥህ ማንም ያልቆመበትን ግድግዳ ነው። ለማስታወቂያ ተጠቀምበት። የሰው ደጅ ላይ ግን አይሆንም።

ከጎንደር፦ ቅር አይበልህና ጋሼ፣ ይህ ባዶ ቦታ የሚሉት የውጭ ሰው ምርጫ ይመስለኛል። እዚህ ጎንደር ደብረ ብርሃን ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ግባና ቀና በል። ጣሪያው የመላእክት ፊት ነው፣ ግድግዳው ሥዕል ነው። የእኛ ሰው መሙላት ነው የሚወደው።

ከአዲስ አበባ፦ የብራና መጽሐፍ ግን አይተህ ታውቃለህ? ኅዳጉ ስንት ነው? ቆዳው ውድ ሆኖ ሳለ ጸሐፊው ዙሪያውን ባዶ ይተወዋል፤ ከግርጌው ደግሞ ይበልጥ ያሰፋዋል።

ከጎንደር፦ እሱ ለጣት ነው። ገጽ ሲገለጥ ጽሑፉ እንዳይነካ።

ከአዲስ አበባ፦ ለጣት ቢሆንም ለዐይንም ይሆናል።

መልስ፦ እዚህ ላይ ዝም ማለት አልችልም። የጎንደሩ ወንድሜ ስለ ጣሪያው ልክ ነው። ግን ብዙ የብራና ሥዕል ላይ ከቅዱሱ ጀርባ ምንም አልተሣለም። ብራናው ራሱ ነው ያለው፣ ወይም አንድ ወጥ ቀለም። ተራራ የለ፣ ዛፍ የለ። ዐይንህ ከእነዚያ ትልልቅ ዐይኖች ሌላ የሚሄድበት የለውም። ጸሐፊው ደግሞ ገና አንድ ፊደል ሳይጥፍ በወስፌ ወግቶ መስመር ያሰምራል። የሚጻፍበትና የማይጻፍበት አስቀድሞ ይለያል። እኔም ስለ ክሮፕ የምጮኸው ይህንኑ ነው። መሙላትም መተውም የእኛ ነው። ፎቶ አንሺዋን አይዳ ሙሉነህን እዩ። በ2018 እ.ኤ.አ. አፋር ዳሎል ላይ ስለ ውኃ የሠራችው ተከታታይ ሥራ ላይ መሬቱና ሰማዩ ሜዳ ሆነው ይቀራሉ፤ ልብሱና ፊት ላይ የተቀባው ቀለም ብቻ ይጮኻል።

የሰርግ ፎቶ አንሺ፦ ደንበኞቼ ባዶ የተውኩበትን ሲያዩ «ለምን አላቀረብከንም?» ይሉኛል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ አቅርበህ አንሣቸው፣ የከፈሉት እነሱ ናቸው። ከዚያ አንድ ለራስህ። አልበሙ ውስጥ በየስድስት ገጹ አንድ ሰፊ አስገባ። ከብዙ ፊት በኋላ ሲመጣ እነሱም ይወዱታል።

ከመቀሌ፦ ፎቶዎቼ እንዴት ናቸው?

መልስ፦ አላየኋቸውም፣ አልላክሽም። ስትልኪም «እንዴት ናቸው» አትበይኝ። ስለ ምን እንደሆኑና የትኛው እንዳላረካሽ ንገሪኝ።

ከአዳማ፦ በስንት ሰዓት ማንሣት ይሻላል?

መልስ፦ ጥላን እንደ ባዶ ቦታ ለመጠቀም ከሆነ ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል ወይም ከሰዓት 11 ሰዓት። እኩለ ቀን ላይ አትድከም። አዲስ አበባ ላይ በሚያዝያ መጀመሪያና በነሐሴ ማብቂያ ፀሐይ አናት ላይ ትቆማለች፤ የምሰሶ ጥላ እንኳ አታገኝም።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦ ሰው ካለበት፣ ወደ ባዶው ቦታ ይይ ወይስ ጀርባውን ይስጠው?

መልስ፦ ወደ ባዶው ካየ የሚጠብቅ ሰው ነው። ጀርባውን ከሰጠ የተወው ነገር አለ። ሁለቱም ይሆናል፣ ግን እያወቅሽ ምረጪ። ለመጽሐፍ ከሆነ ደግሞ ጥንድ ገጾቹን አብረሽ እያቸው። የግራው ሰው ወደ ግራ፣ የቀኙም ወደ ቀኝ ካየ ሁለቱም ከመጽሐፉ ይወጣሉ። መሬት ላይ ሲዘረጉ ወዲያው ይታያል።

ከሐዋሳ፦ ቴሌግራም ላይ ስልከው ሰማዩ እንደ ደረጃ ይቆራረጣል።

መልስ፦ ሲጨመቅ ነው። ባዶና ልስልስ ቦታ ላይ ነው ጉዳቱ ቶሎ የሚታየው። በፋይል ላከው።

ኅትመትም ላይ ተጠንቀቁ። አንድ ማተሚያ ቤት «ያለ ጠርዝ ነው የምናትመው» ብሎ 22ቱንም ፎቶ ከአራቱም ጎን ቆርጦ ሰጠኝ። ግማሽ ሣንቲሜትር ነው። ግን ከጠርዙ ትንሽ ራቅ ብሎ የተቀመጠው ሲኒ ጠርዙን ነካ፣ ነገሩም አበቃ። አሁን በነጭ ኅዳግ አሳትማለሁ፣ «አይቆረጥ» ብዬም በእጄ እጽፍበታለሁ።

ከአዲስ አበባ፦ ኤግዚቢሽን ላይ አንዱ ፎቶ ስንት ይሸጣል?

መልስ፦ ይህን ሌላ ሰው ጠይቁ።

አንዲት እናት፦ እኔ ባለቤቴን ያጣሁ ሰው ነኝ ልጄ። ድንኳን ሲነሣ ካሜራ የያዘ ሰው ደጄ ባይ አባርረው ነበር። አንተ እንዴት አስቻለህ?

መልስ፦ እግዚአብሔር ያጽናዎት እማማ። ቢያባርሩኝም እውነት አለዎት። ሠልስት ሳይወጣ ካሜራ ይዤ የሰው ደጅ ሄጄ አላውቅም። መጀመሪያ ለእድሩ ዳኛ እነግራለሁ፤ እሳቸው ለቤተሰቡ ይነግራሉ። እምቢ ያሉኝ ብዙ ናቸው፤ ሁለተኛ አልጠየቅኳቸውም። ሰውም አላነሣም። የመጀመሪያው ፎቶ የእናቴ ለቅሶ ነው። ድንኳኑ ሲነሣ ያደግሁበት ደጅ ሰፍቶ ሰፍቶ የማላውቀው ቦታ ሆነብኝ። ወንድሜ ወንበር ሲቆጥር እኔ ያን ስፋት አነሣሁ። እስካሁንም የማነሣው ያንኑ ነው።

አንዲት እናት፦ እንግዲያስ ይቅር። በርታ ልጄ።

ከደብረ ብርሃን፦ ጋሼ፣ የመጨረሻ ጥያቄ። 22ኛው ፎቶ ምንድን ነው?

መልስ፦ ክረምት ላይ ነው። ሌሊቱን ዘንቦ አድሯል፤ ጠዋት ድንኳኑ ተነሣ። ዙሪያው ሁሉ ጭቃ ሆኖ ድንኳኑ የነበረበት መሬት ብቻ ደረቅ ነበር። አራት ማዕዘን፣ ነጣ ያለ፤ በየጥጉ የካስማ ቀዳዳ፣ መሃሉ ላይ የተረገጠ ቄጠማ። ሌላ ምንም የለም። እዚህ ላይ ብቻ ያሰርኩትን ከፍታ ፈታሁ። የጎረቤት ወንበር ለምኜ ላዩ ቆሜ አነሣሁት። ሩብ ሰዓት አልቆየም፣ ካፊያው መጥቶ ደረቁን መሬት ከጭቃው ጋር አንድ አደረገው። የደረሰልኝ ሦስት ፎቶ ነው። የመረጥኩት ሁለተኛውን ነው፤ እሱ ላይ የመጀመሪያዎቹ ጠብታዎች ደረቁ መሬት ላይ አርፈው ይታያሉ።