መልስ፦ ኤምዲኤፍ በእጅ ሰርኩላር መጋዝ ሲቆረጥ መስመሩን እንዳይስት

ድሬዳዋ ሳቢያን ሰፈር ግቢህ ውስጥ 122 በ244 ሴንቲሜትሩን ኤምዲኤፍ (የእንጨት ጭረት በሙጫ ተጨምቆ የሚሠራ ጣውላ) ስትቆርጥ መሃል ላይ የሚጣመምብህ፣ መጋዙን በዓይንህ ብቻ ስለምትመራው ነው። የእርሳስ መስመር አይበቃም፤ የመጋዙ መቀመጫ ተደግፎት የሚሄድ 2.5 ሜትር ቀጥ ያለ የአሉሚኒየም ቱቦላሬ (ባለ አራት ማዕዘን ክፍት ቱቦ) እሰርለት።

መጀመሪያ ትርፍ ቁራጭ ላይ ቱቦላሬውን አስረህ ቁረጥና ከቱቦላሬው እስከ ተቆረጠው ጫፍ ለካ። 12.5 ሴንቲሜትር ሆነ እንበል። 60 ሴንቲሜትር ስፋት ከፈለግህ ቱቦላሬውን፣ መጋዙ የሚደገፍበት ጎኑ ከጣውላው ጠርዝ 47.5 ላይ እንዲውል፣ በምትፈልገው ቁራጭ በኩል እሰረው። ያኔ ምላጩ የሚበላው 3 ሚሊሜትር ገደማ ከትርፉ ይሄዳል። ሁለቱን ጫፍ ብቻ ሳይሆን መሃሉንም ለካ፤ ስስ ቱቦላሬ ይለምጣል።

ምላጩ ከጣውላው ሥር 5 ሚሊሜትር ብቻ ይውጣ። ጥርሱ ከታች ወደ ላይ ስለሚቆርጥ የሚታየውን ፊት ወደ ታች አድርገው፤ የሚሸራረፈው የላይኛው ነው።

አደጋው ያለው ድጋፉ ላይ ነው። 18 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ሙሉ ጣውላ 40 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ጫፍና ጫፉን ብቻ ካስደገፍከው መሃሉ ይሰምጥና ምላጩን ይቆነጥጣል፣ መጋዙም በኃይል ወደ አንተ ይመለሳል። አራት ሞራሌ (ባለ አራት ማዕዘን ረጅም እንጨት) መሬት ላይ አንጥፍ፣ ከመስመሩ ግራና ቀኝ ሁለት ሁለት። አንተም ከመጋዙ በስተጎን ቁም እንጂ ከኋላው አትሁን።

ጣውላውን በድሬ ፀሐይ ግድግዳ ላይ አስደግፈህ አታቆየው፣ ይጎብጣል። ጥላ ሥር አስተኛው።