«ፓራማትማ» ማን ነው?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ አዘጋጆች። የምጽፍላችሁ ከደብረ ብርሃን ነው። ማታ ብርዱ ሲበረታ ጋቢያችንን ደርበን ከእማዬ ጋር የህንድ ፊልም እናያለን። ሰዎቹ ሲጨንቃቸው «ፓራማትማ!» ብለው ይጣራሉ። እማዬ «መንፈስ ቅዱስን ነው» ትላለች። ወንድሜ ደግሞ «ከጣዖቶቻቸው የአንዱ ስም ነው» ብሎ ድርቅ አለ። ማንኛቸው ናቸው ልክ?

መልስ፦ እህታችን፣ ሁለቱም አላገኙትም። እናትሽ ግን ይቀርባሉ።

ቃሉ የሳንስክሪት፣ ማለትም የጥንታዊው የህንድ ቋንቋ ነው። «ፓራማ» ከሁሉ የበላይ፣ «አትማን» ደግሞ ነፍስ ማለት ነው። አዲስ አበባ ሆስፒታል የተሰየመላቸው ጋንዲ «ማህተማ» የተባሉትም በዚሁ ቃል ነው፤ ታላቅ ነፍስ ለማለት። አትማን ጥንት ትንፋሽ ማለትም ነበር ይባላል፤ እኛም ብንሆን ነፍስና እስትንፋስን ከአንድ ሥር ነው ያወጣናቸው።

ወደ ወንድምሽ እንምጣ። የሂንዱ አማልክት የሆኑት ቪሽኑና ሺቫ ስምም ምስልም አላቸው። ፓራማትማ ግን በእነሱ ላይ የሚደመር ሌላ አምላክ አይደለም። ቪሽኑን የሚያመልከው «ፓራማትማ ቪሽኑ ነው» ይላል፣ የሺቫው ደግሞ «ሺቫ ነው»። በተራ የሂንዲ ንግግር «ፈጣሪ» እንደማለት ስለሆነ ነው ሰዎቹ ሲጨንቃቸው የሚጠሩት፤ እኛ «የፈጣሪ ያለህ!» እንደምንለው። መንፈስ ቅዱስ ግን ከሦስቱ አካላት አንዱ ነው፤ የሥላሴን ትምህርት እዚህ ውስጥ ብትፈልጊ አታገኚውም።

ደስ የሚለው ነገር ፓራማትማ ሩቅ ሰማይ ላይ ብቻ ያለ አለመሆኑ ነው። በየሰው ልብ ውስጥ ተቀምጦ ያያል ይላሉ። ሙንዳካ ኡፓኒሻድ የተባለው ጥንታዊ መጽሐፋቸው ሁለት ወፎችን ያነሳል። ባልንጀሮች ናቸው፣ አንድ ዛፍ ላይ ተቀምጠዋል፣ አንደኛው ጣፋጩን ፍሬ ይበላል፣ ሌላው ምንም ሳይቀምስ ዝም ብሎ ይመለከታል። (ፍሬው «ፒፓላ» ይባላል፤ በዚህ ስም የሚታወቀው የህንድ ዛፍ የኛዎቹ የሾላና የዋርካ ዘመድ ነው።) ብዙ ተርጓሚዎች የሚበላው የሰው ነፍስ፣ የሚያየው ፓራማትማ ነው ይላሉ።

ታዲያ ወፎቹ በእርግጥ ሁለት ናቸው ወይስ አንድ? ሂንዱዎቹ ራሳቸው እዚህ ላይ አልተስማሙም፤ ለዘመናት ተከራክረውበታል። በ8ኛው መቶ ክፍለ ዘመን እንደኖረ የሚነገርለት የሂንዱ መምህር ሻንካራ፣ በመጨረሻ አንድ ናቸው፣ ሁለት የሚያስመስለን አለማወቃችን ነው አለ። ከሱ በኋላ የመጣው ራማኑጃ፣ ነፍስ ያለ ፓራማትማ መኖር አትችልም፣ እንደ አካሉ ናት፣ ግን ራሷ እሱ አይደለችም ብሎ ሞገተ። በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ማድቫ ጭራሽ ለያያቸው፤ ፈጣሪ ፈጣሪ ነው፣ ነፍስም ነፍስ፣ መቼም አንድ አይሆኑም አለ። የማድቫው ለእናትሽ ጆሮ የሚቀል ይመስለኛል፤ የሻንካራውን ስትነግሪያቸው ግን ቀስ ብለሽ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ጄይን የሚባሉት የህንድ ሃይማኖት ተከታዮችም ይህንኑ ቃል ይጠቀማሉ። እነሱ ዓለምን የፈጠረ አምላክ አለ ብለው አያምኑም። ፓራማትማ የሚሉት ከመወለድና ከመሞት ዑደት ነፃ የወጣችን ነፍስ ሁሉ ስለሆነ፣ ከጄይን አፍ ከሰማሽው ፈጣሪን የጠራ እንዳይመስልሽ።