ከታች እየሳቡ ከላይ መካብ

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ዛሬ ያነሳኋቸው ሦስት ደብዳቤዎች ናቸው፣ ሦስቱም ስለ ጄንጋ። ለማያውቀው ባጭሩ ልንገረው። 54 ትንንሽ እንጨቶች አሉ። ሦስት ሦስት እየሆኑ ይደረደራሉ፣ አንዱ ፎቅ በቁመት ከሆነ ቀጣዩ በአግድም፣ እንዲህ እያለ 18 ፎቅ ይደርሳል። ከዚያ በየተራ ከታች አንዷን መሳብ፣ ከላይ መካብ። እስኪናድ ድረስ። እኔ ይህን ጨዋታ ከልቤ እወደዋለሁ፣ ስለዚህ መልሴ ከረዘመ አትቀየሙኝ።

ጥያቄ፦ እሑድ እሑድ ልጆቼን ይዤ ሳር ቤት አካባቢ አንድ ካፌ እሄዳለሁ። እዚያ ጄንጋ አለ። ጨዋታው ደስ ይላል፣ ግን ሁሌም በጠብ ነው የሚያልቀው። ትልቁ ልጄ በግራ እጁ ማማውን ደግፎ በቀኙ ይስባል። ታናሿ ደግሞ አሥሩን ነካክታ ነው አንዷን የምታወጣው። እሱ «የነካሽውን ሳቢ» ይላታል፣ እሷ «በሁለት እጅ አይቻልም» ትለዋለች። ማን ነው ልክ? ደግሞስ የቻይና ጨዋታ ነው የሚሉት እውነት ነው ወይ? (አባት፣ ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ታናሿ ልክ ናት፣ በሁለቱም። ባንድ ጊዜ አንድ እጅ ብቻ ነው የሚፈቀደው። ከግራ ወደ ቀኝ መቀየር ይቻላል፣ ማማውን ደግፎ መሳብ ግን አይቻልም። መነካካቱማ የጨዋታው ግማሽ ነው! የላላችውን እንጨት የምታገኛት ነካ ነካ አድርገህ ነው። ከቦታዋ የተነቃነቀችውን መልሶ ማስተካከል ብቻ ነው ግዴታው፣ እሱም በአንድ እጅ። አንድ ነገር ልጨምር፣ ብዙ ሰው የሚስተው ስለሆነ። ከላይ ካለው ያላለቀ ፎቅና ከእሱ ሥር ካለው የሞላ ፎቅ መሳብ አይቻልም፣ ከዚያ በታች ነው። እንጨቷን ከላይ ካስቀመጡ በኋላ ደግሞ 10 ሰከንድ ይጠበቃል፣ ወይም ቀጣዩ ተጫዋች ማማውን እስኪነካ። በዚያ መሃል ከተናደ ጥፋቱ የእርስዎ ነው። አሸናፊው ከመናዱ በፊት በመጨረሻ በሰላም ያስቀመጠው ነው።

የቻይና ግን አይደለም። ስሙ የስዋሂሊ ነው። ጨዋታውን ለገበያ ያወጣችው ሌስሊ ስኮት ትባላለች፣ እንግሊዛዊት ናት፣ የተወለደችው ግን ምሥራቅ አፍሪካ ነው። ያደገችውም አፍሪካ ውስጥ ከአገር አገር እየተዘዋወረች፣ ስዋሂሊ እየተናገረች ነው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ቤተሰቧ ጋና ሳለ፣ ታኮራዲ ከምትባለው የወደብ ከተማ ከእንጨት መሰንጠቂያ የመጡ ቁርጥራጮች ቤት ውስጥ ነበሩ። በእነሱ እየካቡ እየሳቡ መጫወት ያዙ። እ.ኤ.አ. በጥር 1983 ለንደን የአሻንጉሊት ትርኢት ላይ ለሕዝብ አቀረበችው። በኋላ ትልልቅ ኩባንያዎች ጨዋታውን ሲፈልጉት ስሙ ይቀየር አሏት፣ እሷ እምቢ አለች። እ.ኤ.አ. በ2020 ደግሞ አሜሪካ ሮቸስተር ከተማ ባለው የአሻንጉሊቶች የክብር መዝገብ ውስጥ ገባ።

ስሙን አልቀይርም ማለቷ ደስ ይለኛል። ኩጄንጋ በስዋሂሊ መገንባት ነው። ጄንጋ ሲሉ «ገንባ!» ማለታቸው ነው። እኛ ከጨዋታው የሚታወሰን ናዳው ነው፣ ያ ጠረጴዛ ላይ ሲንኮታኮት የሚያሰማው ጩኸት። ስሙ ግን ስለ ናዳ አንድም ነገር አይልም። ለልጆችዎ ይንገሯቸው፣ ምናልባት ጠቡ ይቀንስ ይሆናል።

ጥያቄ፦ ሻርጃ ነው የምኖረው፣ ሰባት ዓመት ሞላኝ። ሰው ቤት ነው የምሠራው። ማታ ማታ ከቤቱ ልጆች ጋር ጄንጋ እንጫወታለን። አንድ ቀን ከታች ያለችውን እንጨት እያየሁ ድንገት እንባዬ መጣ። እኔን መሰለችኝ። የአባቴ መድኃኒት በእኔ ነው። የእህቴ የኮሌጅ ክፍያ በእኔ ነው። የቤት ኪራዩ፣ የወንድሜ የባጃጅ ዕዳ፣ የአክስቴ ልጅ ሠርግ፣ ሁሉም። ከደሞዜ ለራሴ 100 ድርሃም እንኳ የማይተርፈኝ ወር አለ። ስታመም አልነግራቸውም። ስደውል «አንቺ እኮ ምሰሷችን ነሽ፣ አንቺ ባትኖሪ ይህ ቤት ይፈርስ ነበር» ይሉኛል። ኮንትራቴ ሲያልቅ መመለስ እፈልጋለሁ። እኔ ከወጣሁ ቤቱ በእውነት ይፈርሳል? (ስሜ ይቆይ)

መልስ፦ እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። በዚያች እንጨት ነው ያሰብሽው፣ እኔም በእሷ ልመልስልሽ።

ሰው ስለ ጄንጋ ሲያወራ «አንዷን ከሳብክ ሁሉም ይፈርሳል» ይላል። ልክ አይደለም። ተጫውተሽው የለ? ስንቷን ስበሽ ቆሟል! እንጨቶቹ እኩል ይምሰሉ እንጂ እኩል አይደሉም፣ ሲሠሩ ጀምሮ ሆን ተብሎ በጣም ትንሽ ይለያያሉ። አንድ ፎቅ ላይ ካሉት ሦስቱ አንዷ የፀጉር ያህል ቀጠን ካለች፣ ከላይ ያለውን ክብደት የሚሸከሙት ሁለቱ ብቻ ናቸው። እሷ መሃላቸው ተኝታለች። በጣት ገፋ ስታደርጊያት ሹልክ ትላለች። ከውጭ ለሚያይ ግን ሦስቱም እኩል የተሸከሙ ይመስላሉ። ክብደት ያለባትን ስትነኪ ደግሞ ወዲያው ታውቂያለሽ፣ ጭነቱ ከእንጨቱ ጋር ስላጣበቃት አልንቀሳቀስም ትላለች። እሷን አንቺም አትስቢያትም።

አሁን የዘረዘርሽልኝን ልየው። የአባትሽ መድኃኒት ክብደት ያለበት እንጨት ነው፣ አይነካም። ኪራዩም እንደዚያው፣ ቢያንስ ለጊዜው። የእህትሽ ኮሌጅ የሚያልቅበት ቀን አለው፣ ስንት ሴሚስተር እንደቀራት ጠይቂና ጻፊው። የወንድምሽ የባጃጅ ዕዳ ግን? ባጃጁ ይሠራል፣ እሱም ይሠራል። የአክስትሽ ልጅ ሠርግስ? ይቅርታ አድርጊልኝና፣ ይህቺ ሹልክ የምትል እንጨት ናት። ያለ አንቺ ገንዘብም ሠርጉ ይሠረጋል።

ሌላም የከበደኝ ነገር አለ። ጄንጋ ውስጥ ከውጭ የሚመጣ እንጨት የለም። በ54 ይጀመራል፣ በ54 ያልቃል። ማማው ረዘመ የምንለው ከገዛ እግሩ እየተወሰደ ራሱ ላይ ስለሚጫን ነው። እ.ኤ.አ. በ1985 ሮበርት ግሬብለር የሚባል ሰው 40 ፎቅ ክቦ በ41ኛው ላይ ሁለት እንጨት እንዳስቀመጠ ተመዝግቧል። ከ18 ፎቅ ተነስቶ! እስቲ አስቢው፣ በዚያው 54 እንጨት። ሒሳቡን ብትሠሪው ከታች ያለው አብዛኛው ፎቅ በአንዲት የመሃል እንጨት ብቻ ቆሞ ነበር ማለት ነው። ከሩቅ ለሚያየው የሚያስደንቅ ቁመት ነው። ለዚያች ለመሃሏ ግን ምን ማለት እንደሆነ አንቺ ታውቂዋለሽ። ያንቺ ቤት ከላይ ከፍ ብሏል፣ ባጃጅ መጥቷል፣ ኮሌጅ ተገብቷል፣ ይህ ትልቅ ነገር ነው፣ በዚህ ልትኮሪ ይገባሻል። የተወሰደው ግን ከእንቅልፍሽ ነው፣ ከጤናሽ ነው፣ ለራስሽ አስቀምጠሽ ካላየሻት ከዚያች 100 ድርሃም ነው።

ደግሞ ይህ «ምሰሷችን ነሽ» የሚለው ነገር። አማርኛችን መካብን ለድንጋይ ብቻ አልተወውም፣ ሰውም ይካባል። ዘመድ ሲክብሽ በክፋት አይደለም፣ ከልቡ ነው። አንቺ ግን ከተካብሽበት ለመውረድ ትፈሪያለሽ። ስለዚህ ስትታመሚ አትናገሪም። ስለዚህ እነሱ የሚያውቁት ጤነኛዋን ነው። እስካሁን ክብደቱን ማን እንደተሸከመው ያላየ ሰው እንዴት ብሎ ላግዝሽ ይላል?

ባንዴ አትውጪ። ማንም ጨዋታ የሚያውቅ ሰው እንጨት አይመነጭቅም። ኮንትራትሽ እስኪያልቅ ጊዜ አለሽ፣ በዚያ ጊዜ ነካ ነካ አድርጊ። በዚህ ወር ለወንድምሽ ደውይና «ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ የባጃጁን ዕዳ አንተ ትይዛለህ» በይው፣ በቁጣ ሳይሆን እንዲሁ። ከዚያ አንድ ወር ጠብቂና እይ። ያኮርፍ ይሆናል። ማኩረፍና መፍረስ አንድ አይደሉም። የተረፈሽን ገንዘብ ባንቺ ስም በተከፈተ ሒሳብ አስቀምጪው፣ በሌላ ሰው ስም አይሁን። ቀጥሎ ሌላዋን ንኪ። ዛሬ ጠንክራ እምቢ ያለችሽም ሁልጊዜ እንደዚያ አትቆይም፣ ማማው ትንሽ ዘንበል ባለ ቁጥር ክብደቱ ወደ ሌላ ጎን ይሄድና የጠበቀችው ትላላለች። እህትሽ ተመርቃ ሥራ ስትይዝ ኪራዩ ራሱ ላንቺ ብቻ የሚቀር ነገር አይሆንም።

አንድ ቦታ ላይ ግን ምሳሌው አይሠራም፣ እዚያ ላይ ተስፋ አለኝ። እንጨት አይናገርም፣ አንቺ ትናገሪያለሽ። ማማ ላይ እንጨት አይጨመርም፣ ቤት ላይ ግን ይጨመራል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባል የለ? ያንቺ ቤት ውስጥ ሎሚ መያዝ የሚችል እጅ ቢያንስ ሁለት አለ፣ የወንድምሽና የእህትሽ። እስካሁን ያዙ ያላቸው የለም።

ስትታመሚ ንገሪያቸው። ይህን ከሁሉም በፊት አድርጊው፣ ዛሬ ማታ ብትደውይ ዛሬ ማታ። ከዚያ መጀመሪያ የነካሻት እንጨት የትኛዋ እንደሆነችና ምን እንደሆነ ጻፊልኝ፣ እጠብቃለሁ።

ጥያቄ፦ ደብረ ብርሃን የእንጨት ሥራ ቤት አለኝ። በርና ቁም ሣጥን ስሠራ ብዙ ቁርጥራጭ ይተርፈኛል፣ እስካሁን ማገዶ ነው የሚሆነው። ልጄ ከጓደኞቿ ቤት ጄንጋ አይታ ሥራልኝ ብላኛለች። ከወጣልኝ ለመሸጥም አስቤያለሁ። ልኩ ስንት ነው? (እንጨት ሠሪ)

መልስ፦ ጌታዬ፣ ጨዋታው ራሱ የተጀመረው ከእንጨት መሰንጠቂያ በመጣ ቁርጥራጭ ነውና እርስዎ ትክክለኛው ቦታ ላይ ነዎት። ርዝመቱ 7.5 ሳንቲ ሜትር፣ ወርዱ 2.5፣ ውፍረቱ 1.5 ነው። ዋናው ነገር ርዝመቱ የወርዱ ሦስት እጥፍ መሆኑ ነው፣ ያኔ ሦስቱ ጎን ለጎን ሲተኙ ልክ አራት ማዕዘን ይወጣቸዋል። 18 ፎቅ ሲሆን 27 ሳንቲ ሜትር ይቆማል። ለውጪ መጫወቻ ትልቅ መሥራት ከፈለጉም ይህንኑ ማባዛት ነው።

በደንብ የደረቀ እንጨት ይጠቀሙ፣ እርጥቡ በኋላ ይጣመማል። ሁሉንም ከአንድ ዓይነት እንጨት ይቁረጡ፣ ዋንዛ ከሆነ ዋንዛ፣ ጽድ ከሆነ ጽድ፣ ከተደባለቀ ክብደቱና ልስላሴው ይለያይና ጨዋታው ይበላሻል። ጎንና ጎኑን በብርጭቆ ወረቀት ያለስልሱት፣ ቫርኒሽ ግን ወፍራም አይቀቡት፣ ያጣብቃል። ደግሞ እርስዎን የሚያስቸግር ነገር ልንገርዎ፣ ጥሩ ባለሙያ ስለሚሆኑ። ሁሉንም በጣም እኩል አያድርጉት! ውፍረታቸው በዓይን የማይታይ ልዩነት ከሌለው የላላ እንጨት አይገኝም፣ የላላ ከሌለ ደግሞ ጨዋታ የለም። አንዳንዱን የብርጭቆ ወረቀቱን አንድ ሁለት ጊዜ ጨምረው ይሂዱበት፣ ይበቃል።

ለመሸጥ ከሆነ ጄንጋ ብለው አይጻፉበት። የተመዘገበ የንግድ ስም ነው። የራስዎን ስም ይስጡት። እኔ ብሆን «ካብ» እለው ነበር፣ ልጅዎን ግን ያማክሯት፣ የተሻለ ሊኖራት ይችላል። ማሸጊያው ውስጡ ከ7.5 በ7.5 ትንሽ ሰፋ ያለ ካርቶን ይሁን፣ ማማውን አቁሞ ለመጀመር ያግዛል። እና 54 ሳይሆን 56 ይቁረጡ። ልጆች ያሉበት ቤት አልጋ ሥር ገብታ የምትቀር እንጨት አትጠፋም።