የባሌን ሪሰርች እኔ ልጻፍለት?

ጥያቄ፦ ባሕር ዳር ነው የምኖረው። 36 ዓመቴ ነው፤ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። ባለቤቴ የመንግሥት ሠራተኛ ሲሆን ቅዳሜና እሁድ ማስተርስ ይማራል። መጀመሪያ አሳይመንቶቹን “እንግሊዝኛውን አስተካክይልኝ” እያለ ይሰጠኝ ነበር፤ እያደር ሙሉውን እኔ መጻፍ ጀመርኩ። ፕሮፖዛሉንም የጻፍኩት እኔ ነኝ። ዲፌንሱ፣ ማለትም ሪሰርቹን በፈታኞች ፊት ቆሞ የሚያስረዳበት ቀን፣ ሰኔ መጨረሻ ላይ ስለሆነ አሁን ሪሰርቹን ጻፊልኝ እያለ ነው። በዚህ መጋቢት መግቢያ ደግሞ 120 መጠይቅ ኮፒ አስደርጎ አመጣና “ማን ይዞራል፣ እዚሁ ቁጭ ብለን እንሙላው” አለኝ። እምቢ ስለው “አንቺ እንዳድግ አትፈልጊም” ብሎ ሳሎን መተኛት ጀመረ። እናቱ ከዳንግላ ደውለው “ባልና ሚስት ከአንድ ባሕር ይቀዳሉ፤ የባልሽን ሸክም ብትይዥለት ምን ነውር አለው?” አሉኝ። የ11 ዓመት ልጃችን እንኳ የትምህርት ቤት ፕሮጀክቷን አምጥታ “ለአባዬ ትሠሪለት የለ? ለእኔስ?” አለችኝ። ሪሰርቹን ለሚከታተለው መምህር፣ ለአድቫይዘሩ ልንገር? ወይስ ለትዳሬ ስል ጽፌለት ልገላገል?

መልስ፦ እህቴ፣ ከሁሉ በፊት መጠይቁን አትሙዪ። ሌላው ጉዳይ ሁሉ መነጋገሪያ አለው፤ ይሄኛው የለውም። አሳይመንት በሌላ ሰው እጅ ሲጻፍ ከሁሉ በላይ የሚጎዳው ራሱ ተማሪው ነው። ያልተጠየቁ 120 ሰዎች መለሱ ብሎ ማቅረብ ግን ሐሰተኛ ማስረጃ መፍጠር ነው። ማጭበርበሩ ሲታወቅ ሊሰረዝ የሚችለው ደግሞ አንድ ኮርስ ሳይሆን ዲግሪው ነው።

ቤት ውስጥ የተሞላ መጠይቅ ራሱን ያጋልጣል። እውነተኛ ሰው ጥያቄ ይዘላል፣ አንድ ጥያቄ ላይ ሁለት ምልክት ያደርጋል፣ ሲሰለቸው ደግሞ ከላይ እስከ ታች “እስማማለሁ” ላይ ያሰምራል። ፈጥሮ የሚሞላ ሰው ባዶ ቦታ መተው ይፈራል፤ “በጣም እስማማለሁ” እና “በጣም አልስማማም” የሚሉትን ጫፎች እየሸሸ መሐሉ ላይ ይሰበስባል። 40ኛው ቅጽ ላይ ሲደርስ እጁ ይደክምና “አለቃዬ ያዳምጠኛል” በሚለው የተስማማው ሰውዬ “አለቃዬ ሐሳቤን ከቁም ነገር አይቆጥርም” በሚለውም ይስማማል። ፈታኙ ይህን ባያስተውል እንኳ “በየትኛው ሳምንት በተንክ? ስንቱ ተመለሰ? አንሞላም ያሉህስ ምን ብለው ነው?” ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ባለቤትሽ እዚያ ፊት የሚቆመው ብቻውን ነው።

120 ቅጽ መበተን እንደሚያስፈራው አይከብድም። በቀን 20 ቢሰጥ በ6 የሥራ ቀን ያልቃል። ጠዋት ሰጥቶ በማግስቱ ከሰዓት ይሰብስብ፤ ያልመለሰውን ሰው አንድ ጊዜ ብቻ ያስታውስ። ቅጹ ላይ ስም ሳይሆን ተራ ቁጥር ይጻፍበት፤ የሰጠበትንና የተቀበለበትን ቀን በደብተር ይያዝ። 94 ከተመለሰ “120 ተበትኖ 94 ተመልሷል” ብሎ መጻፍ ነው፤ ማንም አይስቅበትም።

አሁን ወደ ቤታችሁ እንግባ። ሰው የማይገባ ነገር ሲያደርግ አስቀድሞ ስሙን ይለውጠዋል፤ አልበርት ባንዱራ የተባለው የሥነ ልቦና ሊቅ ይህን ከኅሊና ማምለጫ መንገዶች አንዱ አድርጎ ቆጥሮታል። በእናንተ ቤት ስሙ “ማስተካከል” ነበር። ከፊደልና ከሰዋስው ተነስቶ ወደ አንቀጽ፣ ከአንቀጽ ወደ ሙሉ ጽሑፍ፣ ከዚያ ወደ ፕሮፖዛል ሲያድግ ቃሉ ያው “ማስተካከል” ስለሆነ ሁለታችሁም የት ጋ መስመር እንዳለፋችሁ አላያችሁም። እዚህ ላይ አንቺንም ልውቀስሽ። የተማሪ ደብተር በቀይ እስክሪብቶ ስታርሚ የኖርሽ መምህርት ነሽ፤ የእሱን ጠማማ ዓረፍተ ነገር ከማረም አዲስ መጻፍ ይቀልሻል። ቀለለሽ፤ እሱም ጥሩ ውጤት አገኘ። ግን ምን እንደተማረ አስቢው፦ “እኔ ስጽፍ አይሆንም፣ እሷ ስትጽፍ ይሆናል።”

ባንዱራ እ.ኤ.አ. በ1977 ባሳተመው ጽሑፉ ሰው “እችላለሁ” የሚል እምነት የሚያገኝባቸውን ምንጮች ዘርዝሯል፤ ከሁሉ የሚበረታው ራስ ሠርቶ ማሳካት ነው። ማበረታቻና ምክር ከዚያ ያንሳሉ። ባለቤትሽ ሙሉውን አንቺ መጻፍ ከጀመርሽ ወዲህ ይህን ዕድል አላገኘም። “እንዳድግ አትፈልጊም” ሲልሽ ቁጣ ይመስላል እንጂ ከሥሩ ያለው ፍርሃት ነው። በሰው ጽሑፍ ዲፌንስ የሚቆም ሰው ሌሊት እንቅልፍ ቢያጣ፣ ሳሎን ቢተኛ አይገርምም።

ስለዚህ ተነጋገሩ፤ ግን ማታ ላፕቶፕ ፊት አይሁን፣ ልጆቹም ባሉበት አይሁን። ከሥራ በኋላ በጊዮርጊስ በኩል ወደ ሐይቁ ዳር ውረዱና ጎን ለጎን እየሄዳችሁ አውሩ። ፊት ለፊት ተቀምጦ የሚወራ ነገር ምርመራ ይመስላል፤ እየተራመዱ ሲያወሩት ግን ሁለቱም ውሃውን እያዩ ይናገራሉ። ባሕር ዳር ላይ እየኖሩ ይህን አለመጠቀም ኃጢአት ነው። ከ20 ደቂቃ አይለፍ። እንዲህ በይው፦ “መጠይቁን አልሞላም፤ ምዕራፎቹንም አልጽፍልህም። እስካሁን መጻፌ የእኔም ጥፋት ነው። ግን እስከ ሰኔ ድረስ በሳምንት አራት ማታ አብሬህ እቀመጣለሁ።” ከዚያ ዝም በይ። “ሁሉም እኮ የሚያደርገው ነው” ቢልሽ ስለ ሁሉም አትከራከሪ፤ “ይሆናል፤ እኔ ግን አልጽፍም” ማለት ይበቃል። “ሌባ”፣ “አታላይ”፣ “እኔ ባልኖር ወድቀህ ነበር” የሚሉ ቃላት ከአፍሽ እንዳይወጡ። በተለይ የመጨረሻው እውነት ስለሆነ መቼም አይረሳውም።

ምን ልታግዢው ትችያለሽ? እሱ የጻፈውን አንብበሽ ስህተት ያለበትን ቃል በእርሳስ ልታሰምሪበት ትችያለሽ፤ ማረሙ የእሱ ነው። የቋንቋ እገዛ እንደሚቀበል ግን አድቫይዘሩን አስቀድሞ ይጠይቅ፤ ከተፈቀደ ምስጋናው ገጽ ላይ መጻፍ ይችላል። ልጆቹን ይዘሽ ጸጥታ ልትሰጪው፣ ፈታኝ ሆነሽ ልትጠይቂው ትችያለሽ። አንቀጽ መጻፍ፣ ማጣቀሻ መምረጥ፣ ውጤቱን መተንተን ግን የአንቺ አይደለም። “እሺ፣ ቻትጂፒቲ ይጽፍልኛል” ቢል ያው ነው፤ እንዲያውም በሌለ መጽሔት ላይ የሌለ ጽሑፍ እየጠቀሰ ሊያሳፍረው ይችላል።

እንቅፋቱ እንግሊዝኛው ከሆነ መላ አለው። ሊጽፈው ያሰበውን ነገር በስልኩ በአማርኛ ለ5 ደቂቃ ይናገርና ይቅዳው። መልሶ እያዳመጠ ዋና ዋናውን በአማርኛ ያስፍር። ከዚያ በአጫጭር የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገሮች ይጻፈው፤ አንድ ዓረፍተ ነገር ከ15 ቃላት አይብለጥ። ረጅም ዓረፍተ ነገር ምሁር የሚያስመስል እየመሰላቸው ብዙዎች የሚወድቁት እዚያ ነው። 25 ደቂቃ ጽፎ 5 ደቂቃ ይረፍ፤ ይህን በማታ ሁለት ጊዜ ካደረገ 300 ቃል ይወጣዋል። በሳምንት አራት ማታ፣ በ10 ሳምንት 12,000 ቃል ይሆናል፤ 40 ገጽ ገደማ ማለት ነው፤ ሠንጠረዡና አባሪው ሲጨመርበት አያሳፍርም። ፋሲካ አንድ ሳምንት መብላቱን አስቡት። የመጀመሪያው ሳምንት ጽሑፍ አስቀያሚ ይሆናል። አንቺ የምትፈተኚው ያኔ ነው፤ እጅሽን ከኪቦርዱ አርቂ።

ፕሮፖዛሉን በተመለከተ፣ ከምዕራፍ አንድ እስከ ሦስት ያለው በመጨረሻው ጽሑፍም ውስጥ ስለሚገባ ክፍል በክፍል አንብቦ እየዘጋ በራሱ ቃል ይጻፈው። ሳያይ መጻፍ ያቃተው ክፍል ካለ ያልገባው እሱ ነው፤ በዲፌንስም የሚጠየቀው እሱኑ ነው። ያለፉት አሳይመንቶች ነገር ከባድ ነው፤ ማስመለስ አይቻልም፤ ይናዘዝ አይናዘዝ የሚወስነው ግን እሱ ነው። ለአድቫይዘሩ ከጀርባው አትንገሪ። አንቺ ሚስቱ እንጂ የፈተና ተቆጣጣሪ አይደለሽም፤ ባለቤትሽ እንዲህ ያለ ነገር ማድረግሽን ከሰማ በኋላ በቤታችሁ ሌላ ምንም ነገር አይታመንም። አድቫይዘሩ ራሱ ከጠየቀሽ ግን አትዋሺ፤ ይህንም ለባለቤትሽ አስቀድመሽ ንገሪው።

ለአማትሽ መልስ መስጠት ያለበት ልጃቸው ነው። እስከዚያው ድረስ ደግመው ከደወሉ “እማማ፣ ሸክሙን አብሬው ይዣለሁ፤ ፈተናው ላይ ግን ስሙ ሲጠራ እኔ ልነሳለት አልችልም” በያቸው። ከዚያ በላይ በስልክ አትሟገቻቸው።

ለልጅሽ ግን ዛሬውኑ መልስ ስጫት፤ በእሷ ዕድሜ ያየችውን እንጂ የተነገራትን አትይዝም። “ለአባዬ መጻፌ ልክ አልነበረም፤ አቁሜያለሁ” በያት፤ አባቷን አታሳጪባት። ፕሮጀክቷን እርሳሱን እሷ ይዛ አንቺ ከጎኗ ሆነሽ ትሥራ። ከምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል ላይ እሱም በዚያው ጠረጴዛ ላይ ቢጽፍ ከምክር ሁሉ ይሻላል።

አንድ የሚያሰጋኝ ነገር አለ። አንቺ እምቢ ስትይው በየምሰሶው ላይ ከተለጠፉት “ሪሰርች እናማክራለን” ከሚሉት ወደ አንዱ ሊሄድ ይችላል። እነዚህ ሰዎች ተመሳሳይ ጽሑፍ ርዕስ እየቀየሩ ለብዙ ሰው ሊሸጡ ይችላሉ፤ የተገለበጠ ጽሑፍ በሚለይ ሶፍትዌር ሲፈተሽ የሚያዘው ገዥው እንጂ ሻጩ አይደለም። ከቤት ወጪው ለዚህ ገንዘብ እንደማይወጣ በግልጽ ንገሪው። ለሰኔ የማይደርስ ከመሰለው ደግሞ የማራዘሚያ ጥያቄውን የማስረከቢያው ቀን ሳያልፍ፣ በጽሑፍ፣ ለትምህርት ክፍሉ ያስገባ። አንድ ሴሚስተር መዘግየት ክፍያም ሐፍረትም አለው፤ ዲግሪን ከማሰረዝ ግን ይቀላል።

እንቅልፍ ማጣቱና ብስጭቱ ከሁለት ሳምንት በላይ ከዘለቀ፣ ወይም መኖር እንደሰለቸው ከተናገረ ፈለገ ሕይወት ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል ይታይ። እጁን ካነሳብሽ ወይም ካስፈራራሽ ግን የሪሰርቹን ነገር እዚያው ተይው። ልጆችሽን ይዘሽ ወደምታምኛቸው ዘመዶች ሂጂ፤ ለፖሊስም አመልክቺ።