የሙያ ምክር፦ ላቦራቶሪ ወይስ ተራራ?

ውድ እህቴ፣

ከጎባ የላክሽውን ደብዳቤ በጥሞና አንብቤዋለሁ። የሦስተኛ ዓመት የባዮሎጂ ተማሪ እንደሆንሽ፣ ሆርሞኖች የዱር አጥቢ እንስሳትን የመራቢያ ወቅት እንዴት እንደሚወስኑ ለማጥናት እንደምትፈልጊ፣ አባትሽ ግን ከምረቃ በኋላ ወደ ሕክምና ላቦራቶሪ እንድትገቢ እንደሚመክሩሽ ገልጸሻል። አንድ መምህርሽም «አገራችን ለምድር ወገብ ስለምትቀርብ ወቅታዊ መራባት እዚህ የለም» እንዳሉሽ ጽፈሻል።

በመምህርሽ አስተያየት ልጀምር። ከምድር ወገብ በራቁ አገሮች ዋናው የቀን መቁጠሪያ ብርሃን ነው። በስኮትላንድ ራም ደሴት በሚኖሩት ቀይ አጋዘኖች ዘንድ ሌሊቱ መርዘም ሲጀምር ፓይኒያል የተባለችው የአንጎል ዕጢ ሜላቶኒን የተባለውን ሆርሞን ለረዘመ ሰዓት ታመነጫለች፤ መልእክቱ በአንጎል ሥር ባሉት በሃይፖታላመስና በፒቱታሪ ዕጢ በኩል ወደ መራቢያ አካላት ይወርድና ወንዱ የወንድነት ሆርሞኑ ቴስቶስትሮን ጨምሮ በጥቅምት (ወሮቹን የምጠራው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው) እያጓራ ሴቶቹን ይሰበስባል፤ ግልገሎቹም ሣር በሚለመልምበት በግንቦት መጨረሻና በሰኔ ይወለዳሉ። በባሌ በረጅሙና በአጭሩ ቀን መካከል ያለው ልዩነት አንድ ሰዓት እንኳ ስለማይሞላ መምህርሽ እስከዚህ ድረስ ልክ ናቸው። ይሁን እንጂ ከከተማሽ በላይ ባለው የሳነቴ አምባ ቀይ ቀበሮ በዓመት አንድ ጊዜ፣ በአብዛኛው ከነሐሴ እስከ ኅዳር ባለው ጊዜ ተሰርራ፣ ሁለት ወር ገደማ አርግዛ ከጥቅምት እስከ ጥር ትወልዳለች። ብርሃኑ ይህን ያህል ካልነገራት ማን ነገራት? ዝናቡ ነው፣ ብርዱ፣ ወይስ የአይጡና የፍልፈሉ ብዛት? በዚያ ላይ በመንጋው ውስጥ በአብዛኛው የምትወልደው የበላይዋ ሴት ብቻ ስትሆን፣ ያልወለዱት የበታች ሴቶች አንዳንድ ጊዜ ቡችሎቿን ያጠባሉ። ወተቱ እንዴት መጣ የሚለውን ጥያቄ ያለ ሆርሞን ምርመራ መመለስ አይቻልም።

እንግዲህ ወደ ሥራው እንምጣ። ከ500 የማይበልጡ አዋቂዎች የቀሩትን እንስሳ ለደም ናሙና ብሎ ደጋግሞ መያዝ ስለማይቻል፣ አጥኚው የሚሰበስበው ዓይነ ምድር ነው። ከማለዳ ጀምሮ በብርዱ ውስጥ ቀበሮዋን በሩቁ ትከተያለሽ፤ የትኛዋ እንደሆነች ሳትለዪ ያነሳሽው ናሙና ዋጋ የለውም። ከተጸዳዳች በኋላ ቦታው ደርሰሽ በእንጨት ታደባልቂዋለሽ፤ ሆርሞኑ በሁሉም ክፍል እኩል አይሰራጭምና። ጥቂቱን ሜታኖል የተባለ የአልኮል ዓይነት ባለበት ብልቃጥ ውስጥ ታስገቢያለሽ፤ ዘግይተሽ ከሆነ ባክቴሪያው ሆርሞኑን መለወጥ ጀምሯል። በላቦራቶሪ ኤሊዛ ኪት በተባለው የሆርሞን መለኪያ ፕሮጄስትሮንና ኢስትሮጅን የተባሉትን የሴት መራቢያ ሆርሞኖች ትለኪያለሽ፤ ሆኖም ለሰው ደም የተሠራ ኪት በቀበሮ ዓይነ ምድር ላይም በትክክል እንደሚሠራ አስቀድመሽ ማረጋገጥ ይኖርብሻል። ብዙ ጀማሪ የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። የዚህን ዘዴ አቅም ለማየት የስሜን ተራሮችን የጭላዳ ጥናት ተመልከቺ፤ በ2012 እ.ኤ.አ. በታተመው ውጤት መሠረት አዲስ ወንድ ቡድኑን ሲቆጣጠር ከነበሩት እርጉዞች 80 በመቶ ያህሉ ጽንሳቸው ተቋርጧል፤ ይህም የታወቀው ከዓይነ ምድር በተለካ ሆርሞንና በየዕለቱ በተያዘ የባሕርይ መዝገብ ነው።

ስለዚህ አባትሽና ምኞትሽ የተጣሉ አይመስለኝም። በምሠራባቸው ዓመታት «የዱር እንስሳት ሆርሞን ባለሙያ» የሚል ክፍት የሥራ መደብ አይቼ አላውቅም፤ ይህን ልደብቅሽ አልፈልግም። እንጀራው የሚገኘው በዩኒቨርሲቲ መምህርነት፣ በብሔራዊ ፓርኮች፣ በእንስሳት ጤና ላቦራቶሪዎችና በምርምር ፕሮጀክቶች በኩል ነው። ነገር ግን ተራራውን የሚያውቅ ሰው ብዙ ጊዜ ፒፔት (የላቦራቶሪ ፈሳሽ መለኪያ ቱቦ) መያዝ አይችልም፤ ፒፔቱን የለመደውም ብዙ ጊዜ ቀበሮ ከቀበሮ አይለይም። ሁለቱንም የያዘ ጥቂት ስለሆነ የላቦራቶሪ ሥልጠናውን እንድትወስጂ እመክርሻለሁ፤ ሙሉ የላቦራቶሪ ዲግሪ ግን አያስፈልግሽም። ለሁለተኛ ዲግሪ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲን የሥነ እንስሳት ትምህርት ክፍል ወይም የሐዋሳ ዩኒቨርሲቲን የወንዶ ገነት ኮሌጅ ጠይቂ፤ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅም ቢሾፍቱ ነው። በፓርክ ውስጥ ምርምር ለማካሄድ ፈቃድ ስለሚያስፈልግ ማመልከቻውን ቀደም ብለሽ ጀምሪ።

ለመመረቂያ ጽሑፍሽ ቀበሮ አትምረጪ፤ ፈቃዱም ጊዜውም አይበቃሽም። የቤት ፍየሎችን ብትወስጂ ያረገዘችውና ያላረገዘችው ስለምትታወቅ ልኬትሽ ልክ መሆኑን በወራት ውስጥ ታያለሽ፤ በጠጣቸውን ለመሰብሰብም ባለቤቱን አስፈቅጂ። «በዓይነ ምድር ልትተዳደሪ ነው ወይ» እያሉ የሚስቁብሽ ቤተሰቦችሽ ያኔም መሳቃቸው አይቀርም። የብልቃጡን መለያ ግን በእርሳስ ጻፊ፤ ሜታኖል ሲነካው የእስክሪብቶ ቀለም ይለቅቃል፣ የየትኛዋ ፍየል እንደነበረም ማንም አይነግርሽም።