መልስ፦ ክሩዝ (የሽርሽር) መርከብ ላይ ኪቦርድ ተጫዋች ሆኖ መሥራት

ሰላም ወንድሜ፣ «ክሩዝ ላይ ኪቦርድ መጫወት ምን ይመስላል?» ላልከው፣ መጀመሪያ የትኛው ባንድ እንደሆነ ለይ። የመርከቡ ቲያትር ባንድ ከሆነ ኖታ እንዳየህ መጫወት ግድ ነው። እንግዳ ዘፋኝ ከሰዓት በኋላ ኖታ ያድላል፣ አንዴ ልምምድ ይደረጋል፣ ማታውኑ ትርኢት ነው። በጆሮው ብቻ የለመደ ሰው የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። የባርና የዳንስ ባንድ ግን ብዙ የታወቁ ዘፈኖችን ይፈልጋል፤ በምሽት 45 ደቂቃ የሚፈጅ ሦስት አራት ዙር።

ኮንትራቱ ብዙ ጊዜ ከ4 እስከ 6 ወር ነው፤ ሙሉ የዕረፍት ቀን አትጠብቅ። እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣው ዓለም አቀፍ የባሕር ሠራተኞች ስምምነት ዝቅተኛ ዕረፍት ብሎ ያስቀመጠው በ24 ሰዓት ውስጥ 10፣ በ7 ቀን ደግሞ 77 ሰዓት ነው። ሙዚቀኛም እንደ መርከበኛ ስለሚቆጠር የደኅንነት ሥልጠና ይወስዳል፣ ለአደጋ ጊዜ በሚደረግ የደኅንነት ልምምድም ይሳተፋል። ካቢኑ? ጠባብ፣ አብዛኛውን ጊዜ መስኮት አልባ፣ ከሌላ ሰው ጋር የምትጋራው።

ደላላ የቅጥር ክፍያ ቢጠይቅህ ጥለኸው ሂድ፤ ስምምነቱ ይከለክላል። አንተን ሊያስከፍሉህ የሚችሉት የጤና ምርመራ፣ የፓስፖርትና የመርከበኛ ደብተር ወጪ ብቻ ነው፤ የቪዛው ወጪ በባለመርከቡ ነው።